የስለቱ ጥላና የእኔ ዕጣ

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰሞኑን አንዲት አዲስ መምህርት፣ ገሳይ በተባለው የደጋ ከተማ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አስቁማኝ «እትዬ ማስተዋል፣ እግዚአብሔር ወደዚህ እንደጠራዎት በምን አወቁ?» ባትለኝ ኖሮ አላነሣውም ነበር። አንቱ መባሉን ገና አልለመድሁትም። ጥያቄው ግን አናደደኝ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ያናደደኝ ያ ማክሰኞ ነው።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ደብረ ታቦር እናቴ ቤት ተቀምጬ ምደባ እጠብቅ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። እናቴ ዕጣዬ ከከተማው እንዳይወጣ ብላ፣ ለደብራችን ወርቃማ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ተስላ ነበር። መሳል ብቻ ቢሆን ጥሩ። ዕጣው ሳይወጣ ጥላውን ገዝታ፣ በነጠላ ጠቅልላ ከአልጋዋ ራስጌ አቁማዋለች። «እማ፣ ስለት የሚገባው ከሰመረ በኋላ አይደለም እንዴ?» ብላት፣ «ገዝቼ ካስቀመጥሁት ዓይኑ እያየ እምቢ አይለኝም» አለችኝ።

በዚያ ማክሰኞ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ አዲስ መምህራን ተሰበሰብን። ኃላፊው የተጣጠፉ ወረቀቶችን በባርኔጣቸው ይዘው «የየአምላካችሁን ስም ጥሩና አንሡ» አሉ። አነሣሁ፤ ደብረ ታቦር። ከኋላዬ የነበረችው ትርንጎ፣ ጡት የምትጠባ ልጇን እንዳዘለች ገሳይን አነሣች። ባሏ እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል።

«መለዋወጥ የምትፈልጉ ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ቀርባችሁ ንገሩኝ» አሉ ኃላፊው። «ከዚያ ወዲያ አልሰማም።»

ገና ደጅ ሳልወጣ ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማስተዋልዬ፣ አንቺ ነሽ!»

«ምኑ ነኝ?»

«ትናንት ስጸልይ እግዚአብሔር አሳይቶኛል። የምትለውጥሽ ዝምተኛ ልጅ ናት ብሎኛል።»

ዝምተኛ ነኝና ዝም አልሁ። ዝምታዬን እሺታ አድርጋው ልትስመኝ ስትጠጋ፣ «አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ አመለጥኋት።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እናቴ እልል ብላ ጨርሳ፣ ጎረቤቶቿን ሸኝታ፣ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቅርባ ትጠብቀኛለች። የትርንጎን ነገር ብነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«ስለቴ ሰምሯል! አንቺ ልታበላሺብኝ ነው? እዚሁ ሁኚ አለሽ፤ በገዛ እጅሽ አውጥተሽው!»

«ለትርንጎ ደግሞ ትሄዳለች ብሏታል።»

«ለእኔ ሳይነግረኝ ለእሷ?»

የድንቹን ሳህን ገፋ አደረግሁት። አንዷ ልሄድ እንደሆነ ተነግሯታል፤ ሌላዋ ልቀር እንደሆነ እርግጠኛ ናት። ሕይወቱ የእኔ፣ ያልተነገረኝም እኔ ብቻ! እውነቱን ለመናገር መቅረት ነበር የምፈልገው። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ቤቴን አልፌ የምወሰድ ሰው፣ ማንንም በማላውቅበት አገር ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ምን ብዬ ልቆም ነው? እናቴንስ ለማን ትቼ?

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። የደብረ ታቦር በዓል ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። አባ በጓሯቸው ጎንበስ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሁሉንም ነገርኋቸውና፣

«የእግዚአብሔር ፈቃድ የቱ ነው፣ አባ?» አልኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ?»

«የንስሐ አባቴ አይደሉ እንዴ?»

«ንስሐሽን እሰማለሁ እንጂ ዕጣሽን መች አወጣሁልሽ? አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እዚሁ መሆን» አልሁ ቀስ ብዬ።

«ክፉ አይደለም። ጴጥሮስም ተራራው ላይ ‹ሠናይ ለነ ሀልዎ ዝየ› ብሏል፤ እዚህ መኖር መልካም ነው ማለቱ ነው። ጌታም አልተቆጣውም።» ሁለት ሦስት ቅጠል ቀነጠሱ። «ግን ወረዱ። ከሥር ልጁ የታመመበት አባት ይጠብቃቸው ነበርና።»

«አባ፣ ገሳይ እኮ ከዚህ የባሰ ደጋ ነው። መውረድ የለበትም።»

አባ ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ውጪያ!» አሉና ለእናቴ አንድ እቅፍ ጎመን አስያዙኝ። መልስ ፍለጋ ሄጄ ጎመን ታቅፌ ተመለስሁ።

ለአዲሷ መምህርት ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። ጥላው ዛሬ የገሳይ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴ ከዓመት በኋላ ራሷ ይዛው መጥታ አስገባችው፤ ለምን ብላት «ስለቴ ሰምሯል አላልሁሽም?» ብላ ዘጋችኝ። ትርንጎም አስቀድሞ እንደተነገራት ዛሬም ትምላለች። እኔ ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። እግዚአብሔር ለእኔ አሳብ እንዳለው አምናለሁ። አሳቡን ቀድሞ መንገር ግን ልማዱ አይደለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ በጸሎትም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የማውቀው በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ብቻ ነው።

ተነሥቼ ስለብስ እናቴ ጥላውን ታቅፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። የት ልትሄጂ ነው አላለችኝም። «ዝናብ ነው፤ ጋቢዬን ደርቢ» አለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ። በጭቃው እየተንሸራተትሁ ትርንጎ ቤት ደርሼ አንኳኳሁ። ልጇን እንዳቀፈች በባዶ እግሯ ከፈተችልኝ። ዓይኗ ሲያለቅስ ያደረ ይመስላል።

«እሺ» አልኋት።

«አላልሁሽም? አሳይቶኛል አላልሁሽም?» ብላ ልትጮህ ስትል፣ እሺታዬን መልሼ ልውጠው ምንም አልቀረኝ።

«ትርንጎ» አልሁ፣ ራሴን እስኪገርመኝ ጮክ ብዬ፣ «ልጅቷን ወዲህ ስጪኝና ጫማሽን አድርጊ። ይረፍድብናል።»