ለቅሶ መስሎኝ የተቀመጥኩበት ሜዳ

ይህ የደረሰብኝ ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ልጆቼ ስለ ደብረ ማርቆስ ሲያወሩ ለእኔ የሚታየኝ ከተማው ሳይሆን ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ነው። ማርቆስን እያየሁ መግባት ያቃተኝ እዚያ ነበር።

ባለቤቴን ምጥ ጠንቶባት በጭነት መኪና ከደምበጫ አመጣኋት። አባቴ "መንቆረር" እያለ በድሮ ስሟ የሚጠራትን ከተማ ያኔ ገና ማየቴ ነው። የንጉሥ መቀመጫ የነበረች፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስትባል ማለቂያ ያላት አይመስለኝም ነበር። አንድ ዋና መንገድ፣ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በየቢሮው ደጃፍ አቤቱታውን ይዞ የሚያንቀላፋ ባላገር፤ በቃ። ሐኪም ቤት ግን ነበራት።

ሐኪሙ "ሆዷን መክፈት ሳያስፈልገን አይቀርም። ያለ አንተ ፈቃድ አንነካትም፤ እንዳትርቅ" አለኝ። እኔ ደግሞ የምታስታምማት እህቷን ልጥራ ብዬ ከከተማው በታች ወዳለው መንደር ወረድኩ። ለካ ከነባሏ ቤታቸውን ነቅለው ወደ ቢቸና ሄደዋል።

ስመለስ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሜዳ ላይ በዝምታ ተቀምጠዋል። ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነውና ጠጋ ብዬ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ።

ለካስ አውጫጭኝ ነው። አያ ቢሻው የሚባሉ ገበሬ ጥማድ በሬ ተሰርቆባቸው፣ ሌባው እስኪወጣ የአገሩ ወንድ ሁሉ ከሜዳው እንዳይነሳ ተይዟል። ይህ ነገር ቀርቷል ይባል ነበር፤ ለእነሱ የነገራቸው የለም።

ልነሳ ስል የመንደሩ ጭቃ ሹም በዱላቸው መለሱኝ። "ወዴት ነው? ለበሬው አልቅሰህ ልትሄድ ነው?" ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ጌታው፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት ናት። እኔ ካልደረስኩላት ትሞትብኛለች።"

"ሌባም ሚስት አለው። የሚያውቅህ ካለ ዋስ ጥራ።"

ማንን ልጥራ? ፍርድ ቤቱም፣ ፖሊስ ጣቢያውም፣ ሐኪም ቤቱም እዚያው ከፊቴ ዳገቱ ላይ ናቸው። ጮኼ ብጠራ የሚሰሙኝ ይመስላል። ቀና ባልኩ ቁጥር "እኔን ስትጠብቅ ብትሞትስ?" እላለሁ። በሰው ፊት አለቀስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ቢሻው ራሳቸው ተነሱ። "ዋሱ እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ባይመለስ በሬዎቼን ከማንም አልጠይቅም" አሉ።

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ደርሼ ፈቀድኩ፤ ባለቤቴም ልጄም ተረፉልኝ።

በማግስቱ ማልጄ ወደ ሜዳው ወረድኩ። አያ ቢሻው ሲያዩኝ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

"እንዴ! መጣህ?"

"ምነው አያ፣ አምነውኝ አልነበር?"

"ኧረ የት አውቄህ! ሌባው አንተ ነህ ብዬ ነበር" አሉኝ። "ታዲያ ሌባ ብትሆንስ ሚስትህ ምን በደለች?"

በሬዎቹ ሳይገኙ ቀሩ። እኔም ያን ጠዋት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፍቶኝ ነበር፤ አምነውኛል ብዬ ስኮራ ነው ያደርኩት። አሁን ግን ሳስበው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ለሚያምነው ሰው ማንም ዋስ ይሆናል። ሰርቆኛል ብሎ ላሰበው ሰው ሚስት በሬዎቹን የተወ ግን ከአያ ቢሻው ሌላ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።