ድምፅ በሌለው ፊልም ፊት የዘመሩት እናት

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያሳየኝን ሳልናገር ወደ ወንበሬ አልመለስም። ሃሌ ሉያ!

ባለቤቴን ታውቁታላችሁ። እሱ እዚህ ሲያመልክ እኔ ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ እቀመጥ ነበር። ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። "ማን ይሰማል?" እለው ነበር።

ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ ሕመምተኞችን ቤታቸው ሄጄ መንከባከብ። ሴንት ፖል ከተማ የምንከባከባቸው ጥቁር አሜሪካዊት እናት አሉ፤ ሚስ ሩት። ስትሮክ ከመታቸው ጀምሮ አንድ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ዶክተሩ እኔ ባለሁበት ለልጃቸው፣ "ንግግራቸው ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ" አላት።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ አዳራሽ፣ የድሮ ፊልም ይታያል ተባለና ይዣቸው ሄድኩ። ልጃቸው አስረዳችኝ። ያኔ ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ጥቁሮችን መሳቂያ ሲያደርጉ፣ ጥቁሮቹ ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ ስለ ገዛ እምነታቸው የሠሩት ፊልም ነው። ድምፅ የለውም።

ወንዝ ዳር ጥምቀት ላይ ደረሰ። ነጭ የለበሰች ወጣት ከውኃው ወጣች፤ አፏን ከፍታ ትዘምራለች፣ ግን ምንም አይሰማም። ወገኖቼ፣ ከጎኔ ዝማሬ ሰማሁ! ከኋላ መስሎኝ ዞርኩ። ሚስ ሩት ናቸው! ከነቃሉ፣ ከነዜማው!

ልጃቸው "ማማ!" ብላ ጮኸች። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ወጣት አየችና ደግሞ፣ "አያቴ ናት! ወይኔ፣ አያቴ ናት! ፊልም መሥራቷን እንኳ ማንም አልነገረን!" አለች። ሚስ ሩት እናታቸውን እያዩ፣ እንባቸው እየወረደ፣ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘመሩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

እኔ ወለሉ ላይ ተደፋሁ። "ጌታ ሆይ፣ ለካ አለህ!" ብዬ አለቀስኩ፣ በአማርኛ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መካከል። አንዲት የማላውቃት ሴት አቀፈችኝ።

በኋላ ዶክተሩ፣ "መናገር ያቃተው ሰው አንዳንዴ መዘመር ይችላል፣ አንጎል እንዲህ ነው" አለን። እሺ፣ አንጎሉን ማን ሠራው? ተባረኩ!

ሚስ ሩት አሁንም ብዙ ቃል የላቸውም። ጠዋት ስገባ ግን እጄን ይዘው "ፕሬይ" ይሉኛል። በአማርኛ እጸልያለሁ፤ አንዱም አይገባቸውም፤ "ኤሜን" ይላሉ።

አሁን ፓርኪንግ ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወጥታችሁ ጥሩት። ጌታ ይሰማል በሉት።