መኪና እንዳያልፍበት የተመረጠው መንገድ

የአንደኛ ዓመት የቱሪዝም ተማሪ ሆኜ ሶዶ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የቱሪዝም ቢሮ ለተግባር ልምምድ የተላክሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ወላይትኛም አማርኛም እናገራለሁ። ሁለተኛ፣ መምህራችን «ማን ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁ ከሁሉም ቀድሜ «እኔ» አልኩ። ወዴት እንደሚኬድ ገና አልነገሩንም ነበር።

የቢሮው ኃላፊ በስልካቸው የያዙት አንድ ቪዲዮ ነበራቸው። ፈረንጆች በኮረብታዎች መካከል፣ በጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። መኪና የለም፤ ባጃጅ የለም፤ ጥሩምባ የሚነፋ የለም። ኃላፊው ቪዲዮውን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። ፈረንጅ ለዚህ ብሎ ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድም ይናገራሉ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፦

«እኛ ጋ ምን ጎደለ? ኮረብታ አለ። ጠጠር አለ። መኪና የለም። የጎደለው ታፔላ ብቻ ነው» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ቆሞ ወደ ቢጠና አቅጣጫ ዓይኑን የወረወረ ሰው መሬቱ ከፍ ዝቅ እያለ ሲሄድ ያያል፤ ቀይ አፈር፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ቀይ አፈር። መኪና የማይሄድበት መንገድም ሞልቶናል። በዚህ ረገድ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ተባብረው እዚህ አድርሰውናል።

ኃላፊው የመረጡት ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ አጎቴ፣ ማለትም ወደ እናቴ ወንድም ቀዬ የሚገባውን መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ መኪና የማይሄደው ትንሿን ድልድይ ጎርፍ ስለወሰዳት ነው። አጎቴ አቮካዶ ተክሏል። ድልድዩ በነበረበት ጊዜ ነጋዴ አይሱዙ ይዞ እስከ ጓሮው ድረስ መጥቶ ይጭን ነበር። ድልድዩ ከሄደ ወዲህ ግን አቮካዶው በአህያና በሰው ጀርባ ነው ወደ አስፋልቱ የሚወጣው። እዚያ ሲደርስ ግማሹ ተልጦ፣ ግማሹ ተደፍጥጦ፣ ነጋዴው ገና ከሩቅ ፊቱን ያዞራል። ያን ዓመት ደግሞ ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ አፍርተው ነበር። ነጋዴውም መኪና ካልገባ እንደማይመጣ ለአጎቴ ቁርጡን ነግሮታል። ፍሬው ወይ ይጫናል፣ ወይ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

ይህን ሁሉ ለኃላፊው በዝርዝር አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«በጣም ጥሩ። ድልድዩ እስካልተሠራ ድረስ መንገዱ አስተማማኝ ነው ማለት ነው» አሉ።

እኔም እሺ አልኩ።

መንገዱን ለማየት ሁለታችን ወጣን። ብስክሌቶቹ አዳዲስ ነበሩ፤ ሄልሜት ሳይቀር አብሯቸው መጥቷል። ኃላፊው ቁልቁለቱን ልክ እንደ ቪዲዮው ነዱት። ዳገቱ ሲመጣ ግን ወርደው መግፋት ጀመሩ። በእኛ አገር ደግሞ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሳይሰላሙ ማለፍ ነውር ነው። ከጎደሬ ማሳው ቀና ያለ ሁሉ ጤናችንን፣ የቤተሰባችንን ጤና፣ የከብቶቻችንን ጤና ጠየቀን። ኃላፊው ለመመለስ ትንፋሽ ስላልተረፋቸው፣ የማላውቃቸው ከብቶቻቸው ደህና መሆናቸውን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

አንዲት እናት የተጫነ አህያ እየነዱ ከኋላ ደርሰው አለፉን። ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ቆም ብለው፣ ያ የምንጎትተው ነገር ምን ሆኖብን እንደሆነ በወላይትኛ ጠየቁኝ። ምንም እንዳልሆነ፣ ለመዝናናት እንደወጣን ነገርኳቸው። ኃላፊውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸውና ጌታ እንዲያሳርፋቸው ተመኝተው ሄዱ። ኃላፊው ምን አሉ ሲሉኝ፣ መረቁዎት አልኩ።

ድልድዩ የነበረበት ቦታ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀናል። ሄልሜታችን ከማዶ ኮረብታ ታይቶ ነበር። በዚያ ቀዬ ሄልሜት አድርጎ የሚመጣ ሰው መሐንዲስ ነው። መሐንዲስ ይመጣል፣ ወንዙን ይለካል፣ ዶሮ ይታረድለታል፣ በልቶ ይሄዳል። ቆይቶ ሌላው ይመጣና ያኛው የለካውን እንደገና ይለካል። ዶሮ ያልበላ መሐንዲስ ድልድይ አይሠራም ተብሎ ይታመናል። የበላም እስከዚያ ቀን አልሠራም ነበር፤ ይሁንና ለእንግዳ የሚሰስት አንጀት የላቸውም። ኃላፊው ስልካቸውን አውጥተው የመንገዱን ርዝመት መለካት ሲጀምሩ፣ ከአጎቴ ጓሮ የአውራ ዶሮ ጩኸት ሰማሁ።

ሰዎቹ ወንዙን በእግር አሻግረው አጎቴ ደጅ ሲያስቀምጡን፣ ወደ ኃላፊው ጠጋ ብዬ መሐንዲሶች አድርገው እንዳዩን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ኃላፊው ወደ ገበታው ተመለከቱ። ቆጮው፣ አይቡ፣ ዳጣው ቀርቧል፤ ዶሮውም እየመጣ ነው።

«አሁን ብንነግራቸው ማሳፈር ይሆናል። ከምግብ በኋላ እናስረዳቸዋለን» አሉ።

ከምግብ በፊት አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በወላይትኛ ጸለዩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። እንግዶቹን ጌታ በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲመልሳቸው፣ ከዚያም ሲሚንቶና ብረት አስይዞ ሳይዘገይ እንዲያመጣቸው ለመኑ። አንዲት ቃል ያልገባቸው ኃላፊው ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው አሜን አሉ።

ከምግብ በኋላም ቃላቸውን ጠበቁ። ተነስተው ንግግር አደረጉ፤ እኔ ተረጎምኩ። ስለ ኮረብታው ውበት ሲናገሩ ሰዉ በትዕግሥት ሰማ። ስለ ንጹሕ አየር ሲናገሩም ሰማ። ከዚያ እጃቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው፦

«ይህን መንገድ እንጠብቅላችኋለን። አንዲት መኪና እንዳታልፍበት እናደርጋለን» አሉ።

ትርጉም አደራ ነውና ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላለፍኩ። አጥንት ይግጥ የነበረ አንድ ሰው አጥንቱን ከአፉ አወጣ። አጎቴ ተነሳ። እሱ የከተማ ገበያ ያመላለሰው ሰው ስለሆነ በአማርኛ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ ለዚህስ ባትደክሙ ይሻል ነበር። እሱን ጎርፉ ሠርቶልናል።»

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ጀመረ። አጎቴ ግን አልሳቀም። የሚመጣው ፈረንጅ አቮካዶ ይገዛ እንደሆነ ጠየቀ። ኃላፊው በእርግጥ ይገዛል አሉ። ያ ብስክሌት ስንት ጆንያ ይጭናል ሲላቸው ግን የቱሪዝም ጥቅም እያደር እንደሚታይ፣ መታገሥ እንደሚያስፈልግ ገለጹለት።

«እኛ እንታገሥ ነበር። አቮካዶው ነው የማይታገሠው» አለና ተቀመጠ።

ስንመለስ ኃላፊው አንድ አደራ ሰጡኝ። መንገዱ ለብስክሌት እስከሚመረቅበት ቀን ተፈጥሯዊ ገጽታውን ማንም እንዳይነካው ዘመድ እንደመሆኔ እንድከታተል። እሺ አልኩ። በተከታዩ እሑድ አምልኮ ሲያበቃ እኚያው ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰዉን አስቁመው፣ እስካሁን ለመሐንዲስ የታረደው ዶሮ ይበቃል፣ ከእንግዲህ የታረደውን የሚሠራ ይብላው አሉ። ደቦ ተጠራ። ወንዱ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፣ ሴቱ ድንጋይ አመላለሰ፣ ዶሮውም ለሠራው ሰው ቀረበ። እኔም ዘመድ እንደመሆኔ ሄጄ ነበር። አጎቴ የግንዱን ጫፍ አንሳ ሲለኝ እሺ አልኩ። ግንዱ ከባድ ስለነበረ የኃላፊውን አደራ ያስታወስኩት ቦታው ላይ ካስቀመጥነው በኋላ ነው።

የምረቃው ቀን ታፔላው አስፋልቱ ዳር ቆመ፤ «ከመኪና ነፃ» ይላል። ከቦምቤና ከሃላሌ ሳይቀር የመጡ የቢሮ ሰዎች ተመሳሳይ ካናቴራ ለብሰው ብስክሌት ላይ ወጡ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ኃላፊው ወርደው ግንዶቹን አዩ። እኔ ከሰው ኋላ ሸሸሁ። እሳቸው ግን ኅብረተሰቡ ለብስክሌት ያሳየውን ፍቅር አመስግነው ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሱ።

ማዶ ያለውን ዳገት ገና ሳንጋምሰው የኃላፊው ብስክሌት ካቴና ተበጠሰ። ይህን እያየን ሳለ የነጋዴው አይሱዙ ከላይ መጣ። ማለዳ ባዶውን ገብቶ ኖሯል፤ አሁን እስከ አፉ አቮካዶ ጭኗል። አጎቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል፤ ጭነቱ ላይ ደግሞ ጫኞቹ አሉ። ካናቴራ የለበሰው ሁሉ ወደ ቦዩ ገባ። ኃላፊው መሐል መንገድ ላይ ቆመው መኪናውን አስቆሙት። ታፔላውን አላየህም ወይ ብለው ሾፌሩን ጠየቁት።

«አይቻለሁ ጋሼ። መኪና የለም ሲል ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሌላው መንገድ ላይማ መተላለፊያም የለም» አላቸው።

ጫኞቹ ሳቁ። ኃላፊው መኪናው በመጣበት እንዲመለስ አዘዙ።

«ወዴት ይመለስ? ዛፉ ላይ?» አለ አጎቴ።

እንግዶቹ ቀስ በቀስ ብስክሌታቸውን አዙረው ወደ አስፋልቱ መመለስ ጀምረዋል፤ ፀሐዩ ከርሯል፤ የተበጠሰው ካቴና በኃላፊው እጅ ተንጠልጥሏል። አጎቴ አያቸውና የመኪናውን በር ከፈተ።

«ግቡ ጋሼ። ሰው መንገድ ላይ አይተውም።»

ኃላፊው ትንሽ አሰቡና ገቡ። ብስክሌታቸው አቮካዶውን ስለሚጎዳ አልተጫነም። የእሳቸውንም የእኔንም እየገፋሁ ከኋላ ተከተልኩ።

ድልድዩ ጋ መኪናው ቆመ። ባዶውን ድልድዩ አሳልፎታል፤ ከነጭነቱ ያሳልፈው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ሾፌሩ ሰው ሁሉ እንዲወርድ ጠየቀ። መጀመሪያ የወረዱት ኃላፊው ናቸው፤ ፈጥነው በእግራቸው ተሻገሩ። አጎቴ ዳር ላይ ቆሞ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የፊት ጎማው ግንዱን ሲረግጥ ግንዱ አቃሰተ፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ያን ጊዜ ኃላፊው ከማዶ ሆነው ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«ና። ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ አልኩህ። አሁን ቀጥ በል። ና፣ አትቁም።»

የኋላው ጎማ ትንሽ ሰመጠ። አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ኃላፊው ወደ ድልድዩ ተመልሰው ጎንበስ ብለው ጎማውን እያዩ፣ እየጮኹ፣ እየጎተቱት ያህል በእጃቸው ጠሩት። አይሱዙው ተንገጫግጮ ወጣ።

አጎቴ ወዲያው ተሻግሮ ጭነቱ ላይ ወጣና ከታች ያሉትን ጆንያዎች እየዳሰሰ መፈተሽ ጀመረ። ኃላፊው ላባቸውን በካናቴራው ጠርገው፣ ከሥር ሆነው ቀና ብለው አዩት።

«በቀኝ በኩል አንድ ግንድ ጨምሩበት። የሚቀጥለው መኪና ከዚህ ይከብድ ይሆናል» አሉት።