ወደ ግራ አልታጠፍ ያለችው ጀልባ

ጀልባዋ ወሰን ሰፈር ያለው ጋራዤ የደረሰችው በሐምሌ ዝናብ፣ በጭነት መኪና ተጭና ነው። የሰፈሩ ሰው ከየሱቁ ብቅ እያለ ሳቀ። አንዱ፣ "ኖኅ ደረሰልን!" አለ። ሌላው፣ "የመገናኛ ታክሲ ቢያስመርረው ነው" አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያልሳቀው ከኋላ፣ ከጀልባዋ ጎን ተቀምጦ የመጣው ሰውዬ ብቻ ነበር። ልብሱ ረጥቦ ገላው ላይ ተጣብቋል። ወርዶ ጨበጠኝና፣ "ፓምፕ የምትጠግነው አንተ ነህ?" አለኝ።

እኔ ነኝ። ያኔ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ እጠግን ነበር። ጀልባ ግን ነክቼም ተሳፍሬም አላውቅም። የካ ተወልጄ የካ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ወንዝ ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ወርዶ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ደፍራሽ ጎርፍ ነው።

ሰውየው በምዕራብ ቆላ፣ አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ያለ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ጀልባ ነጂ ነው። ክረምት ሲገባ የዚያ አገር መንገድ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ምጥ የጠናባት፣ እባብ የነደፈው፣ ወባ የጣለው ሁሉ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ የሚደርሰው በዚህች ጀልባ ነው።

"ውሃውን የሚቀዝፍ ነገር ከውጭ የላትም" አለኝ ሸራውን እየገለጠ። "ወንዛችን አሸዋና ግንድ ስለሆነ አይበረክትም። ይቺ የምትሄደው በፓምፕ ነው፤ አሁን ግን ጉልበቷ ሞቷል።"

አጎንብሼ አየሁ። ከሆዷ ሥር ባለ ወንፊት ውሃ ትስባለች። ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ብረት ውሃውን ገፍቶ ከኋላዋ ባለው አፍ ያስፈነጥረዋል። የሚገፋት ያ ነው። መሪው ሲዞር ደግሞ አፉ በኬብል ተስቦ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ጀልባዋም አፉ ወደ ዞረበት ትታጠፋለች። ከመስኖ ፓምፕ ብዙም አይርቅም ብዬ ተጽናናሁ።

ሰውየው ጋራዡ ውስጥ ካለችው የዘበኛ ክፍል ፍራሽ ተነጥፎለት አደረ። ጠዋት ስመጣ ከእኔ ቀድሞ ብሎኖቹን መፍታት ጀምሮ ነበር። ፓምፑን ስናወርድ ድንገት እጁን አቆመና፣

"ሰው ሞቶብኛል" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት።

"ምጥ የያዛት ልጅ። የበኩር ልጇ ነበር። እናቷ አብራት ነበረች። ወንዙ ሞልቷል። ወደ ግራ የምንታጠፍበት ቦታ አለ፤ ቀኙ በወደቀ ግንድ የተዘጋ ነው። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አልታጠፈችም። ከግንዱ ጋር ተላትመን ሁላችንም ውሃ ውስጥ ወደቅን። እናትየዋን ያዝኳት። ልጅቷን ግን ጨርቋን ነው የያዝኩት፤ ጨርቁ እጄ ላይ ቀረ።"

የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ሁሉም 'ወንዙ ነው' አሉኝ። ሽማግሌዎቹም፣ ነርሷም፣ 'የጌታ ፈቃድ ነው' አሉኝ። እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እሷ ናት ወይስ እኔ ነኝ? ፈትተህ ስታይ ንገረኝ። እንዳትደብቀኝ።"

"እነግርሃለሁ" አልኩት። ብዙም አላሰብኩበትም። ሐዘንተኛ ፊትህ ተቀምጦ ሲለምንህ የምትለው እሱን ነው።

ፓምፑ ሲፈታ አሸዋ ክፉኛ በልቶት አገኘነው። ክንፉ የሚዞርበት የብረት ቀለበት ሰፍቶ፣ በመካከላቸው ጣት ሊገባ ምንም አልቀረውም። ውሃው ወደ ኋላ በመፈንጠር ፈንታ በዚያ ክፍተት ተመልሶ ይፈስሳል። ጉልበቷ የሞተው ለዚህ ነው። ሲግናል ሰፈር አንድ የማውቀው፣ ብረት የሚላጭበት ቶርኖ ቤት ነበር፤ ከማይዝግ ቧንቧ አዲስ ቀለበት እንዲያወጣልን ይዘነው ሄድን። መብራት በፈረቃ የሆነበት ክረምት ነው። ቀለበቱ ማሽኑ ላይ ግማሽ ተላጭቶ መብራት ይጠፋል፤ እኛ ደጅ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ የእኛ ተራ አልፎ የሌላ ሰው ሥራ ይገባል። ሰውየው ከክሊኒኩ በስልክ በተጠራ ቁጥር ድምፁ ይቀንሳል። አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ፣ "አንድ ሕፃን በቃሬዛ ተሸክመውት ሲሄዱ መንገድ ላይ ሞተ" አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ግድግዳውን በመዳፉ ይመታ ጀመር፤ ባለ ቶርኖው እጁን እስኪይዘው ድረስ።

ቀለበቱ ተገኘና ፓምፑን ገጠምነው። ክንፉ ቀለበቱን ሳይነካ፣ ግን እንደ ወረቀት በቀጠነ ክፍተት እንዲዞር እያወጣንና እያስገባን አስተካከልነው። የቀረው መሪው ነበር።

መሪውን ወደ ቀኝ እንዲያዞር ነገርኩትና ከኋላ ቆሜ አየሁ። አፉ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ሄደ። "ወደ ግራ" አልኩት። አፉ ትንሽ ሄዶ ቆመ። "አዙረው!" አልኩት። "ጨርሻለሁ" አለኝ። መሪው አልቋል፤ አፉ ግን ግማሽ መንገድ ገና ይቀረዋል።

ኬብሉን ጫፉ ድረስ ተከተልኩት። ኬብሉ አዲስ ነው፤ ዝገት የለበትም። ጫፉ ላይ ያለው፣ እየተጠመዘዘ የሚያስረዝመውና የሚያሳጥረው ባለ ጥርስ ብረት ከመጠን በላይ ገብቷል። መሪው ቀጥ ሲል አፉ ወደ ቀኝ ዞሮ ይቆማል። ወደ ግራ የሚሄድበት በቂ ቦታ አልተረፈውም።

"ይሄን ኬብል ማን ቀየረው?" አልኩት፤ ምን እየጠየቅሁ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

መሪው ላይ እንደተቀመጠ ዞሮ አየኝ።

"እኔ" አለኝ። "ክረምቱ ሊገባ ሲል። አሮጌው ዝጎ ነበር። ከአዲስ አበባ ላኩልኝ፣ እኔ አሰርኩት። መሪው ቀጥ ማለቱን አይቼ ነው ያሰርኩት።"

"አፉንስ?"

እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። "ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ መያዝ ነበረብኝ" አለ። "ባህሪዋ ነው ብዬ ለመድኩት።"

ከጀልባዋ ወረደ። ዝናቡ እየወረደ ነው፤ በሩን ከፍቶ ወጣና ሄደ። አልጠራሁትም። ምን ብዬ ነው የምጠራው?

ኬብሉን ብቻዬን አስተካክዬ ቤት ገባሁና ለሚስቴ ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆይታ፣ "ባትነግረው ምን ነበረበት?" አለችኝ። "አሸዋ ነው ብትለው? አሸዋውም ውሸት አይደለም።"

"እንዳትደብቀኝ ብሎኛል።"

"የሚሰጥም ሰው ብዙ ይላል" አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ የለም። ፍራሹ አልተነካም። ዘበኛው፣ "ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ሲነጋ ወደ ላይ፣ ወደ ጫካው ወጣ" አለኝ። በእኔ አፍ የተነገረውን ይዞ ነው የወጣው። ሥራዬን ጥዬ በየካ በኩል ሽቅብ ወጣሁ። ጭቃው ያዳልጣል፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጉሙ ወርዶ ዐሥር እርምጃ ፊት ለፊት አያሳይም። እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን ጠየቅሁ። አላየንም አሉኝ። ስሙን እየጠራሁ ስወጣ፣ የሆነ ገደል አፋፍ ላይ ጫማውን የማገኘው እየመሰለኝ እያንዳንዱን አፋፍ ጎንበስ ብዬ አይ ነበር።

ከፍ ስል የጸሎት ድምፅ ሰማሁ። ጴንጤዎቹ ለጾም ጸሎት ወደዚያ ጫካ ይወጣሉ፤ ነጠላ ደርበው፣ ጃንጥላ ዘርግተው በየዛፉ ሥር ተንበርክከው ይጮኻሉ። እሱ ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ ቁልቁል በሚያሳይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ልጸልይ ነበር የመጣሁት" አለኝ። "አልወጣልኝም። አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ የኬብሉ ጫፍ ነው።"

"እንዴት እንደሚታሰር ማንም አላሳየህም" አልኩት። "ሰው ባላሳዩት ነገር..."

"ተው" አለኝ። "አንድ ነገር ግን አልጨረስክልኝም። ይቺ ጀልባ ነዳጅ ሲቀነስባት አትታጠፍም። ውሃ ካልተፈነጠረ መሪ የለም። ግንዱን ሳየው ደንግጬ ነዳጁን ለቅቄ እንደሆነ አላስታውስም። ለቅቄ ከሆነ ገዳይዋ ፍርሃቴ ነው። ካልለቀቅሁ ኬብሉን ያሰረው እጄ ነው። የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።"

"ምን ይጠቅምሃል?"

"ተመልሼ ሰው የምጭን ከሆነ ማወቅ አለብኝ።"

ከዚያ በጣቱ ወደ ታች አመለከተኝ። ጉሙ ገለጥ ብሎ ከሥራችን የድንጋይ ካባ ይታያል፤ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ ሰፊ ጉድጓድ ነው። ክረምቱ እስከ አፉ ሞልቶታል።

"ኬብሉን እንደነበረው መልስልኝ" አለኝ። "ልክ እኔ እንዳሰርኩት። እዚያ እሞክራታለሁ።"

እምቢ አልኩ። አንዴ የተበላሸ መሆኑን ያወቅሁትን ነገር ወደ ብልሽቱ መልሼ ሰው ላስቀምጥበት? ተቆጣሁም። እሱ አልተቆጣም፤ እንባው ብቻ ሳይጠርገው ይወርዳል። በመጨረሻ፣ "እኔም አብሬህ ከሆንኩ" አልኩት። መዋኘት እንደማልችል አልነገርኩትም።

ዝናቡ ጋብ ባለበት ረፋድ ጀልባዋን አስጭነን ወደ ካባው ወሰድናት። መጀመሪያ በትክክል እንደተስተካከለች ሞከርናት። እሱ መሪውን አልነካም ብሎ ከጎኔ ሆነ፤ መሪው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። የነዳጁን እጀታ ስገፋው አፍንጫዋ ተነስቶ ተፈተለከች። የድንጋዩ ግድግዳ ከገመትኩት በላይ ፈጥኖ መጣ። ደነገጥኩና እጀታውን ሳብኩት። መሪውን ባዞር ምንም የለም። ጀልባዋ እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ወደ ድንጋዩ ትንሳፈፋለች።

"ግፋው! ነዳጅ ስጣት!" ብሎ ጮኸ።

እጄ አልታዘዘኝም። ግድግዳ እያየህ ነዳጅ መጨመር ከሰው ተፈጥሮ ውጭ ነው። በላዬ ላይ ተንጠራርቶ እጀታውን ወደ ፊት ገፋው። ጀልባዋ በጎኗ ተኝታ ወደ ግራ ተጠመዘዘች፤ ግድግዳው በክንድ ርቀት አለፈን። ዳር ስንደርስ እሱ ሞተሩን አጠፋው።

"አየህ" አለኝ። "አንተም ለቀቅህ።"

ከዚያ ኬብሉን እንደነበረው መለስኩት። አስገድዶኝ ሳይሆን፣ እንዲያ ሲያየኝ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው የመለስኩት። እንድሳፈር አልፈቀደም፤ ገፍቶ አወረደኝ። ብቻውን ሄደ። ከካባው አንድ ጎን ብቻ አፈርና ጭቃ ነበር፤ ወደዚያ አቀናት። ከቆምኩበት ሆኜ የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ፤ አልቀነሰም። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር አየሁት። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል አለች፣ ሰፋ አድርጋ ሄደች፣ ሄደች፣ አልታጠፈችም። ጭቃው ላይ ወጥታ ቆመች።

እየሮጥኩ ዞሬ ደረስኩ። መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል፤ ወደ ጎን ዞሮ አስታወከ።

"አሁን አልለቀቅሁም" አለኝ። "ያን ቀን ብለቅም ባልለቅም አትታጠፍም ነበር። እጄ ነው።"

ጭቃው ውስጥ ቆሜ ትከሻውን ያዝኩት። አለቀሰ፤ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ጋራዡ ከተመለስን በኋላ ኬብሉን ራሱ እንዲያስረው ጠየቀኝ። መሪውን መካከል ላይ በገመድ አሰረ፤ አፉ ከጀልባዋ ወገብ ጋር ቀጥ ማለቱን በሲባጎ ለካ፤ ወደ ቀኝ እስከ ጥግ፣ ወደ ግራ እስከ ጥግ እያዞረ እኩል እስኪሆን ድረስ ጫፉን አስተካከለ። ከዚያ ፈታውና እንደገና አሰረው። እንደገና ፈታው። ጭነት መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፤ እሱ አሁንም ይለካል።

ሲሄድ ሚስቴ ምሳ ቋጥራ ሰጠችው። እንደ ወንድሟ ጉንጩን ሳመችው።

ክረምቱ ሳይወጣ ከወረዳው ከተማ ደወለልኝ። የሟቿ እናት ቤት ሄዶ ነግሯታል። ሽማግሌዎቹ፣ ለምን ቁስል ትነካለህ ብለው ከልክለውት ነበር። እሱ ግን ሄዶ፣ ወንዙ አይደለም፣ ኬብሉን አላግባብ ያሰርኩት እኔ ነኝ ብሏታል።

"ምን አለችህ?"

"በሩን ዘጋችብኝ።"

መስመሩ ይንሿሿል። የተቋረጠ መሰለኝ።

"ትነዳለህ?" አልኩት።

"እነዳለሁ። ሌላ የሚነዳ የለም። ትላንት አንዲት ሴት አድርሼ መጣሁ፤ በሰላም ተገላገለች። እጥፋቱ ጋ ስደርስ አሁንም እጄ ይደርቃል። ነዳጁን ግን አልለቅም።"

ሌላም ሊለኝ ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ከኋላው ሰዎች ሲጠሩት ሰማሁ። "መጣሁ!" አላቸውና ዘጋው። እኔም ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ የታሰረውን የጉድጓድ ፓምፕ ለመፍታት ሞከርኩ። ዓይኔን እንባ ሞልቶት ብሎኖቹ የት እንዳሉ እንኳ አልታይ አለኝ።