የአክስቴ ልብና ሰባቱ ትርፍ ዓመታት

አክስቴ ስንት ዓመቷ ነው? አንድ ቤት አብረን እየኖርን ይህን መመለስ አልችልም። መታወቂያዋ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ሌላ ትላለች፣ እናቷ ደግሞ ለማንም ሳይነግሩ ሞተዋል። ጥያቄው ለብዙ ዘመን ማንንም አላስጨነቀም፤ የእጅ ሰዓቱ እስኪመጣ ድረስ።

አክስቴ የአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ ላውንደሪው ክፍል፣ አንሶላ ተኳሽ ናት። ክፍሉ መስኮት የለውም። እንፋሎቱ ከማሽኖቹ ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ይጠራቀምና ተመልሶ ይንጠባጠባል። አንሶላው ርጥብ ሆኖ ይመጣል፤ ጠርዙን ይዛ ታራግፈዋለች፣ ማሽኑ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ከባዱን ክዳን በሁለት እጇ ስባ ታወርደዋለች። በልጅነቷ የገባችው እዚያ ነው፤ ከዚያ ማሽን ሌላ ሥራ አታውቅም።

ሴት ልጇ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ለሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ስለምታዝ «ዶክተሯ» እንላታለን። አባቷ ጫማውን እያሰረ ሳለ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲሞት አጠገቡ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እናቷን የምትለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ማሽን እንድትተው። አክስቴ እምቢ አለች። ስለዚህ ዶክተሯ የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ገዝታ መጣች፣ የትውልድ ዘመኑን ከመታወቂያው ላይ አይታ ሞላች፣ ከራሷ ስልክ ጋርም አገናኘችው።

«ይኸውልሽ እማ፣ ቀስ ስትዪ ግራጫ ነው፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ልብሽ ሲበዛበት ብርቱካናማ ይሆናል። ቀዩ የመጨረሻው ነው።»

«ከቀዩ በኋላስ? አባትሽ ጋ ነዋ።»

«እማ! በዚህ አይቀለድም።»

ሁለቱም ቀለሞቹን እንደ መንገድ መብራት ነበር የተረዷቸው። በማግስቱ አክስቴ ጥቂት አንሶላ ሳትተኩስ ብርቱካናማው በራ፤ ወዲያው ልጇ ደወለች።

«እማ፣ ቁጭ በይ!»

«የት ልቀመጥ? ማሽኑ ላይ?»

«የትም! አሁኑኑ!»

ተቀመጠች። ሲረግብ ተነሣች፣ ሲበራ ደግሞ ተቀመጠች። አጠገቧ ባለው ማሽን የምትሠራው፣ ለምላሷ ስለት «ምላጭ» የተባለችው ሴት፣ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። «እናንተ፣ መብራት ይዟታል! ትራፊክ ጥሩላት!» እያለች ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

ሳቁ አለፈ፤ ያልተተኮሰው አንሶላ ግን ከቅርጫቱ ተርፎ ወለል ላይ ፈሰሰ። የሽፍት አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ሳምንቱ ሲያልቅ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ጡረታዎም እየደረሰ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ይቀመጡ። ማሽኑን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። የለም ካሉ፣ ደኅና መሆንዎን ከጤና ጣቢያ አጽፈው ያምጡልኝ» አላት።

አክስቴ ልብስ ማጠፍን አትንቅም። ግን ሁለት ሴቶች ወደዚያ ጠረጴዛ ተዛውረው ዓመት ሳይሞላቸው ሲሰናበቱ አይታለች። «ከጠረጴዛው ቀጥሎ ያለው በሩ ነው» አለችኝ። ፍርሃቱም ሳታውቀው ገባባት። አልጋዋ ላይ ሆና ክንዷን ቀና አድርጋ ቁጥሩን ታያለች። ስታየው ይጨምራል፤ ሲጨምር ደግሞ ታየዋለች። እንቅልፍ ጠፋ።

ቅዳሜ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ግፊቷን ለካች፣ ልቧን በማሽን አነሣች፣ ሰዓቱንም ተቀብላ አየች።

«ደረትዎ ላይ ይጫንዎታል?»

«የለም።»

«ያዞርዎታል?»

«እኔን የሚያዞረኝ የሷ ስልክ ነው» አለች አክስቴ ወደ ልጇ እየጠቆመች።

ነርሷ ሳቀች። «ምርመራው ደኅና ነው፣ እማማ። ይሄ ቀለም ሂድና ቁም የሚል አይደለም፤ ልብ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ልብዎ ቢበዛ ስንት ሊመታ እንደሚችል ሰዓቱ አያውቅም፣ ይገምታል። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜዎን ይቀንሳል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው መቶ ስድሳ ሁለት ይደርሰዋል። የዚያን ሰማንያ በመቶ ሲያልፍ፣ መቶ ሠላሳ ግድም፣ ብርቱካናማ ይበራል። እርስዎ ሥራ ላይ ትንሽ ከዚያ አልፈው ነው የሚውሉት። ሙቀቱም በራሱ ምቱን ይጨምራል።»

«ስለዚህ ማሽኑን ትተው፣ አይደል?» አለች የኛዋ ዶክተር።

«አልፎ አልፎ ቢበራ ግድ የለም። ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል ግን ያደክማል። በዚህ ዕድሜ ከሆነ፣ ለአለቃዎ ማጠፊያው ይሻላል ብዬ ልጽፍ ነው።» እስክሪብቶዋን አነሣች።

አክስቴ ዞር ብላ በሩን አየች። ተዘግቷል።

«ዕድሜው ሌላ ቢሆንስ?»

«ሌላ ማለት?»

«ሲቀጥሩኝ ሃያ ያልሞላትን አንወስድም አሉ። እኔ አሥራ ሦስት ብሆን ነው፣ ቢበዛ አሥራ አራት። አጥንቴ ትልቅ ነበር። ሃያ ነኝ አልኩ፣ ጻፉት።»

ዶክተሯ አፏን ይዛ ቀረች። «እማ! ሃምሳኛ ዓመትሽን ያከበርነውስ?»

«አርባ ሦስቴ ነበር። ኬኩ ግን ይጣፍጥ ነበር።»

«አባቴስ?»

«አባትሽ ያውቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ሄደ። ምን ላድርግ? ከተሰማ የሠራሽበት ዘመን ሁሉ ውሸት ነው ይሉኛል።»

ነርሷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «እኔ የማየው ልብሽን ነው፣ ወረቀትሽን አይደለም» አለቻት፤ እማማውም አንቱታውም በዚያው ቀረ። «ሃምሳ አንድ ከሆንሽ ብርቱካናማው የሚጀምረው ከመቶ ሠላሳ አምስት ነው። ሥራሽ አረንጓዴው ጫፍ ላይ ይወድቃል። እሱም ቢሆን ግምት ነው፤ ሰውና ሰው በአሥር፣ ከዚያም በላይ ይለያያል። እየሠራሽ ከሰው ጋር ማውራት ትችያለሽ?»

«መሳደብም እችላለሁ።»

«ጥሩ። ውኃ ጠጪ፣ በየመሃሉ ከእንፋሎቱ ውጪ። ስታርፊ ቶሎ መውረዱን እዪ። ደረትሽ ላይ ከተጫነሽ ወይ ካዞረሽ ግን፣ አረንጓዴም ቢሆን ሥራውን ጥለሽ ነይ።» ሥራዋን መቀጠል ትችላለች ብላ ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጠቻት።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተሯ ስልኳን አወጣች፤ አውራ ጣቷ ግን አየር ላይ ቆመ። ዘመኑን ከቀየረችው ስልኩ ዝም ይላል።

«ለማሽኑ ብለሽ እየዋሸሽኝ ቢሆንስ?»

«ለመቀጠር ዋሽቻለሁ። ለመሞት ብዬ አልዋሽሽም።»

ልጅቷ ስልኩንም እናቷንም ተራ በተራ አየች። እኔም ማንኛቸውን እንደማምን አላወቅሁም። በመጨረሻ ዘመኑን ቀየረች።

«ቀኑስ?»

«ዝናብ ነበር ይላሉ።»

«ዝናብ የሚል ቦታ የለውም፣ እማ።» የመጣላትን ቀን ሞላች። «ካመመሽ ግን ደዋይዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ሰኞ አለቃው ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተና ወደ ማሽኑ በእጁ አመለከታት። ቀኑን አረንጓዴ ላይ ዋለች። ከባዱ ቅርጫት ሲመጣ ሁለቴ ብርቱካናማ በራ፤ ክዳኑን አንሥታ ወጣች፣ ውኃ ጠጣች፣ ተመለሰች። ምላጭ «ዛሬ መንገዱ ተከፍቷል መሰለኝ!» ስትል እሷም የሚገባትን መልስ ሰጠቻት። ዶክተሯ የደወለችው አንዴ ብቻ ነው፤ ምሳ በልታ እንደሆነ ልትጠይቅ።

ስትመለስ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ፣ አንዴ ጀርባዬን ላሳርፍ ብላ ጋደም አለች። እራት አቅርበን ብንጠራት መልስ የለም። ከነካልሲዋ ተኝታለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።