ከሳሎን እስከ ልጄ ክፍል

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ የዕድር መልእክት መስሎኝ ነበር። ልጄ ናት፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ጣሪያ ሥር፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆና በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «አባዬ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አላለፍኩም። ፊትህን ማየት አልችልም።»

ተነሣሁ፤ ተቀመጥሁ። «አይዞሽ» ብዬ ጻፍሁና ደረቅ ሆኖ ስላየሁት አጠፋሁት። ከነዚያ ቢጫ ፊቶች አንዱን ልልክላት አሰብሁ፤ ግን በሳቅ የሚያነባውን በሐዘን ከሚያነባው መለየት አልችልበትም።

እኛ ደብረ ኤልያስ ገጠር ስናድግ እንዲህ ያለ ወሬ የሚነገርበት ቦታ ነበረው። አባቴ ከእርሻ ተመልሰው መደቡ ላይ አረፍ ሲሉ፣ ከልጆቹ አንዱ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቅርቦ እግራቸውን ያጥባል፤ ጭቃው ከተሰነጠቀው ተረከዛቸው እየለቀቀ ውኃውን ሲያደፈርሰው የእርጥብ አፈር ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ጥፋት ያለበት ልጅ በዚያ ዕለት ለማጠብ ይሽቀዳደም ነበር። አጎንብሶ የሚያጥብ የአባቱን ፊት አያይም፤ እግሩን ውኃ ውስጥ የነከረ አባትም ብድግ ብሎ ዱላ አያነሣም። እናታችን ብልሃቱን ስለምታውቅ፣ ገበቴውን ስንሻማ ካየችን «ዛሬ ደግሞ ምን ሰበራችሁ?» ትለን ነበር።

እኔም የተናገርሁት እዚያው ነው። አባቴ ልጃቸው ዲያቆን እንዲሆንላቸው ተስለዋል፤ እኔ ግን ከየኔታ ዘንድ መሄድ ካቆምሁ ወር አልፎኛል። ቀኝ እግራቸውን እያሸሁ «አባባ፣ ድቁናውን ትቼዋለሁ» አልሁ። ጣቶቻቸው እጄ ውስጥ ሲጨመደዱ ተሰማኝ። ከዚያ ግራ እግራቸውን አቀበሉኝ። ምሕረት ሲባል እስከ ዛሬ የሚታወሰኝ ይኸው ነው።

ልጄ እግሬን አጥባኝ አታውቅም፤ እንድታጥበኝም አልፈልግም። የሚቆጨኝ ያንን ስንተው በቦታው ምንም አለመተካታችን ነው።

ስጽፍ ሳጠፋ፣ ለካስ ስልኩ ለልጄ «እየጻፈ ነው» እያለ ሲያሳብቅብኝ ኖሯል። ሌላ መልእክት መጣ፦ «አባዬ፣ ምንድን ነው ይህን ያህል የምትጽፈው? እየፈራሁ ነው።»

ስልኩን ጥዬ ተነሣሁ። ስምንት እርምጃ ነው። አንኳኳሁ።

«ክፍት ነው» አለች።

ዐይኗ አብጧል። አጠገቧ ልቀመጥ ፈለግሁ፤ አልጋው ላይ ይሁን ወንበሩ ላይ ቸገረኝ። እዚህ ክፍል መቼ እንደገባሁ ላስታውስ ብሞክር አቃተኝ። ገዛ ልጄ ፊት፣ ተቀመጥ እስኪሉት እንደሚጠብቅ እንግዳ ቆምሁ።