የአንድ ቀን መምህራን

ኮምራያ የጥጥ መሬቱን ግማሽ ሸጦ ልጁን ስራቫንቲን ሕንድ ውስጥ ካሪምናጋር ከተማ አጠገብ ካለ የግል ኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ሲያስገባት፣ መንደሩ በሙሉ «መሐንዲሷ» ይላት ጀመር።

ኮሌጁ ከውጭ ሲያዩት መስተዋቱ ያብለጨልጫል። ውስጡ ግን የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራው እንደተቆለፈ ነው፤ የመምህሩም ሥራ ማስታወሻ እያነበበ ማስገልበጥ ብቻ። ስራቫንቲ አንዲት ሽቦ እንኳ ሳትነካ ዓመቱ አለቀ።

የኮሌጁን ፈቃድ የሚያድሱት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የመጡ ዕለት ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ኮሌጁ ውስጥ አይታቸው የማታውቃቸው መምህራንም ክራቫት አስረው ተደረደሩ። አንደኛውን ስታይ ክው አለች፤ የአክስቷ ልጅ ናርሲምሉ ነው። ከዚሁ ኮሌጅ ተመርቆ ነዳጅ ማደያ ቤንዚን የሚቀዳው ናርሲምሉ!

«ወንድሜ! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ዛሬ ዶክተር ነኝ፤ አክብሪኝ እንጂ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «በናትሽ እንዳታዋርጂኝ። የቀን አበል ይከፍሉኛል፤ ነገም ይጠሩኝ ይሆናል።»

አንዱ ተቆጣጣሪ ቀረብ ብሎ «ማነው የሚያስተምራችሁ?» ሲላት ናርሲምሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እሳቸው ናቸው» አለች። ምላሷ መረራት።

በማግስቱ ኮሌጁን ልትለቅ ቆርጣ ቢሮ ገባች። ስትመዘገብ የተቀበሏት ዋናው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቷ እዚያው ተይዟል፤ ያለ እሱ ሌላ ኮሌጅ አይቀበላትም።

«መብትሽ ነው» አሏት ዲኑ ፈገግ ብለው። «የቀሪውን ሦስት ዓመት ክፍያ አምጪና ውሰጂ።»

የቀረው መሬት የሚበሉበት ነው። አንገቷን ደፍታ ወደ ክፍል ተመለሰች። ተመረቀችም። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ፋብሪካ የለም፤ «እስቲ ይህን ሞተር ፈትሺ» ሲሏት ግን ከየት እንደሚጀመር አታውቅም። በመጨረሻ ከተማ ሳሪ መሸጫ ሱቅ ተቀጠረች። አባቷ ግን ለጠየቀው ሁሉ «ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ናት» ይላል።

አንድ እሑድ ስራቫንቲ ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታ ሳለች ጎረቤታቸው ላችማማ መጣች። «የምትታለበዋን ጎሽ ሸጬ ልጄን አንቺ የተማርሽበት ልሰዳት ነው። ደህና ነው አይደል?»

ኮምራያ በኩራት ተደላድሎ የልጁን መልስ ይጠብቃል። ስራቫንቲ አባቷን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«አትላኪያት፣ እትዬ። ምንም አያስተምሩም። እኔም ሳሪ ነው የምሸጠው።»

ኮምራያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ላችማማ ግን ከት ብላ ሳቀች።

«አይ አንቺ! ራስሽ ከተሻገርሽ በኋላ ድልድዩን ልታፈርሺብን?»

አባቷ ጥጡ እስኪለቀም ድረስ አላናገራትም። ላችማማም ጎሿን ሸጠች።